ለወጣት ግማሽ መጽሐፍ አትስጡት

የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን የጨረሰ አንድ የጐረቤት ልጅ ባለፈው ሰሞን አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ወደ ጦር ሠራዊት ለመግባት አሳብ እንዳለው ካወቅሁ ቈይቻለሁ። በወረቀቱ ላይ የ10 መጻሕፍት ስም በተርታ ተጽፎበታል፤ የጻፈለትም አንድ የተማረ ዘመዱ ነው። «ጋሼ፣ ከነዚህ የትኛውን ላስቀድም?» ብሎ ጠየቀኝ። ተቀብዬ አነበብሁት። የቻይናው ሱን ዙ አለ፤ የፍሎሬንሱ ማኪያቬሊ አለ፤ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ አለ። የቀሩት ሰውን በዘዴ ስለ መግዛትና ባጭር ጊዜ ኃያል ስለ መሆን የሚናገሩ፣ ዛሬ በየመንገዱ ዳር ተዘርግተው የሚሸጡ መጻሕፍት ናቸው። ከአሥሩ አንዱ እንኳ በኢትዮጵያ ሰው እጅ የተጻፈ አልነበረም። እኔ ይህን ስመለከት እናቱ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ጋሼ፣ እባክዎ የጦር መጽሐፍ አይስጡት፤ አንብቦ ሲሞቀው ነው ጥሎኝ የሚሄደው» አሉ።

እነሆ ሁለት ስሕተት በአንድ ቀን በአንድ በር ላይ ተገናኙ። ከእናቲቱ ጋር ጠብ የለኝም፤ የእናት ሥጋት ነውና። ነገር ግን የእናትነት ምክንያት ሳይኖራቸው ይህንኑ አሳብ በአደባባይ የሚናገሩ፣ «ወጣቱ የጦርን ነገር ባያነብ ይሻላል፤ አገሩ ጦርነት ጠግቧል» የሚሉ ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ያደረሰውን ጥፋት ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይደንቅም። ሆኖም መደምደሚያው ጠማማ ነው፤ ወባ ስላስቸገረን ስለ ወባ አንማር እንደ ማለት ይሆናል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች የንግድ ከተማ ናት። እንደ ሐረር የጀጎል ግንብ የላትም፤ የንጉሥ መናገሻም ሆና አታውቅም። ይሁን እንጂ በግንቦት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ገባባት፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ኢጣልያኖችን አስለቅቆ ያዛት፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶማልያ ጦር በታንክ እየተመራ ከደጃፏ ደርሶ ተመታና ተመለሰ። ከከዚራ ወደ መጋላ ደቻቱን ተሻግሮ የሚሄድ ሽማግሌ ሁሉ የዚያን ነሐሴ ድምፅ ይተርካል። ጦርነት ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚመጣበት ከተማ ልጅ ስለ ጦርነት ሳያውቅ ይደግ ማለት ምን ዐይነት ጥበቃ ነው?

ደግሞስ የማያነበው ልጅ ስለ ጦርነት የሚያውቀው የለም ማለት አይደለም። ከሽለላው፣ ከፉከራው፣ በስልኩ ከሚያየው ፊልም ያውቃል። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩት የተኰሰውን ሰው ነገር እንጂ በጭቃ ውስጥ 3 ቀን ሳይበላ ስላደረው፣ ቍስሉ ስለ ተላበት፣ አዛዡ ወዴት እንደ ሄደ ስለ ጠፋው ሰው አይደለም። ያንን የሚነግረው መጽሐፍ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በሽሬ ግንባር በልዑል ራስ እምሩ ሥር ዘምተው፣ በኋላም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘው፣ ያዩትን ሁሉ ነገሩ ካለፈ ከ50 ዓመት በላይ ቈይተው «ትዝታ» በሚባለው መጽሐፋቸው በ1985 ዓ.ም. አወጡት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፤ «ትዝታ»ን ግን ያነበበ ጥቂት ነው። ይህን መጽሐፍ ጨርሶ ሞቆት የሚነሣ ወጣት ቢኖር እኔ እናቲቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ። የሚሄድም ቢሆን ወዴት እንደሚሄድ ዐውቆ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዘመድየው ወረቀት ልመለስ፤ እውነተኛው ሙግቴ ከእርሱ ጋር ነውና።

በመጀመሪያ፣ የውጭ አገር መጻሕፍት በመሆናቸው አልነቅፋቸውም። ዕውቀት የፓስፖርት ጥያቄ የለባትም። የምነቅፈው ተቈራርጠው መሰጠታቸውን ነው። ሱን ዙ 13 ምዕራፎች ያሉት አጭር መጽሐፍ ነው፤ ሰነፍ አንባቢ እንኳ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ዛሬ ግን ከውስጡ 20 ያህል ዐረፍተ ነገር ተመዞ ለነጋዴው የገበያ ብልኀት፣ ለሹመት ፈላጊው የተንኰል መማሪያ ተደርጎ ይታደላል። መጽሐፉን ከነምዕራፉ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። በ2ኛው ምዕራፍ ላይ ደራሲው ወታደር ከማሰለፉ በፊት እንደ ግምጃ ቤት ሹም ቁጭ ብሎ ወጪ ይቈጥራል፤ ሠረገላውን፣ ስንቁን፣ ለመሣሪያው ማደሻ የሚሆነውን ሙጫና ቀለም ሳይቀር ይደምራል። ከዚህም በኋላ የተራዘመ ጦርነት የጠቀመው አገር እንደሌለ ይናገራል። ትልቁ ድል ሳይዋጉ የሚገኝ ነው ብሎ የሚያስተምርም እርሱ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው የጀብዱ መምህር ያደረገው ማን ነው? ሙጫውንና ቀለሙን ዘሎ ያነበበ ነው።

በማኪያቬሊም የሆነው ይኸው ነው። ስለ ሥልጣን አያያዝ የጻፈው ሰው ሥልጣኑን ያጣ ሰው እንደ ነበረ ስንቱ ያውቃል? ለፍሎሬንስ ከተማ ከአገሬው ሰው የተውጣጣ ጭፍራ ያደራጀው እርሱ ራሱ ነበር፤ ያ ጭፍራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1512 ፕራቶ ላይ ተበተነ፤ እርሱም ከሹመቱ ተሽሮ ታሰረ፤ ተገረፈ። ከዚያ ወዲያ ነው ብዕር ያነሣው። ወጣቱ ይህን ታሪክ ሳያውቅ «መስፍኑ»ን ብቻ ቢያነብ የተሸነፈ ሰው ምሬት እንደ አሸናፊ ምክር ሆኖ ይገባዋል። ማርቆስ አውሬልዮስማ የባሰ ተበድሏል። ቸነፈርና ጦርነት በአንድ ላይ የወረዱበት ንጉሥ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በጦር ሰፈር ሆኖ፣ በላቲን ሳይሆን በጽርዕ ቋንቋ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የጻፈውን ማስታወሻ፣ ዛሬ በማለዳ ስለ መነሣትና ብዙ ሥራ ስለ መሥራት መምከሪያ አድርገውታል። ንጉሡ ራሱን የሚገሥጽበትን ቃል ሌላውን ለመገሠጽ ማዋል ምን ያህል መጽሐፉን መገልበጥ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው።

ክላውዘቪትዝ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ወፍራም ስለ ሆነ ይመስለኛል። የፕሩሲያ መኰንን ሆኖ ከናፖሌዎን ጋር ተዋግቶ፣ መጽሐፉን ሳይጨርስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1831 ሞተ፤ በተከታዩ ዓመት ያሳተመችለት ሚስቱ ማሪ ናት። እኔ ለጀማሪ አላዝዘውም፤ መኰንን ሲሆን ያነበዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሰው ትምህርት ዋናው፣ ማለት ጦሩ የፖለቲካው አገልጋይ እንጂ ጌታ እንዳልሆነ፣ በአገራችን ሰዎች እጅ ተጽፎ ይገኛል። ከማይጨው በኋላ በወለጋ የተሰበሰቡት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባሎች፣ ብዙዎቹ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አሠልጣኝነት ከተከፈተው ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከዚህ ልጅ ብዙ አይበልጥም። ወንዝ ለወንዝ እየተሳደዱ ለማኅበራቸው ሕግ አወጡ፤ በዚያም ሕግ የፖለቲካው አመራር ከጦሩ አዛዥነት በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ ደነገጉ። አስቡት! ዋና ከተማቸው የተያዘ፣ ስንቃቸው ያለቀ፣ በላያቸው አውሮፕላን የሚያንዣብብ ሰዎች ስለ ምርኮኛ አያያዝ ይጽፋሉ። ታደሰ ሜጫ «ጥቁር አንበሳ በምዕራብ ኢትዮጵያ» ብለው በ1943 ዓ.ም. ታሪኩን አሳትመውታል። የጦርና የፍልስፍና መጽሐፍ በአንድ ጥራዝ ይፈለግ እንደ ሆነ ከዚህ የቀረበ አላውቅም። ዘመድየው ግን ይህን ትቶ ፍሎሬንስ ድረስ ሄደ።

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ነገር እናገራለሁ፤ የሚቈጡብኝም እዚህ ላይ ነው።

ለድሬዳዋ ወጣት መጀመሪያ ሊሰጡት የሚገቡ የጦር መጻሕፍት ሁለት ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ። አንደኛው ዐረብ ፈቂህ የተባለው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ በዐረብኛ የጻፈው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ነው፤ ሁለተኛው በግእዝ የተጻፈው የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ነው። የመጀመሪያው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ሆኖ ይተርካል፤ በመጋቢት 1521 ዓ.ም. የሆነውን የሽንብራ ኵሬን ጦርነት በዝርዝር የምናገኘው ከእርሱ ነው። ሁለተኛው ከወዲያኛው ወገን ሆኖ፣ ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አገሩ እንዴት እንደ ተጠገነ፣ ንጉሡም በ1551 ዓ.ም. ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጋ እንዴት እንደ ሞተ ያወሳል። የጀጎልን ግንብ አሠራ የሚባለው ይኸው አሚር ኑር ነው፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ ሁሉ ግንቡን ያየዋል።

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለወጣት መስጠት የሞተ ቂም መቀስቀስ ነው» ይሉኛል። ቂሙ መሞቱን ማን ነገራቸው? እዚህ ከተማ አንዱ ልጅ የግራኝን ስም በእናቱ ጭን ላይ ሳለ እንደ ማስፈራሪያ ይሰማል፤ ጐረቤቱ ደግሞ ያንኑ ሰው ኢማም አሕመድ እየተባለ እንደ ጀግና ሲመሰገን ይሰማል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ከከፊራ ገበያ በአንድ መንገድ ይመለሳሉ፤ በበዓል አንዱ ለሌላው ምግብ ይልካል። ስለዚህ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ግማሽ ታሪክ ይዞ ያድጋል። ቂም የሚበላው ይህን ግማሽ ነው። መጽሐፉን የሚከለክል ሰው ቂሙን አልከለከለም፤ መልስ የሚሰጠውን ምስክር ብቻ ከሸንጎው አስወጣው።

ምስክሩ ደግሞ ምን እንደሚል እንመልከት። ዐረብ ፈቂህ የኢማሙን ድል ለማወደስ የጻፈ ሰው ነው፤ ይህን አይደብቅም። ሆኖም የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የወርቁን ጌጥና የሥራውን ድንቅነት እየተገረመ ይገልጻል፤ ከዚያም መቃጠሉን ይነግረናል። የዚያ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ምን ይመስሉ እንደ ነበር ከምናውቅባቸው ምንጮች አንዱና ዋናው፣ ያቃጠላቸው ጦር ታሪክ ጸሐፊ ነው! ይህን ገጽ ያነበበ የክርስቲያን ልጅ የሚጠላውን ጠላት አድናቆት ያገኛል፤ የእስላም ልጅም የሚኰራበት ድል ምን እንዳጠፋ ከራሱ ወገን አፍ ይሰማል። ከሁለቱ አንዱም እንደ ገባ አይወጣም። ባቲ ድል ወንበራም እዚያው ትገኛለች፤ የቀደሙት አሚሮች ሚስቶቻቸውን ወደ ዘመቻ አልወሰዱም ብለው ወታደሮቹ ቢያጕረመርሙም ከባሏ ጋር የዘመተችው የኢማሙ ሚስት ናት። የጦር መጽሐፍ የወንድ ልጅ ድርሻ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ መልካም ነው፤ ወረቀት ይዛ ወደ ቤቴ የመጣች ኰረዳ እስካሁን አለመኖሯ የእርሷ ጥፋት አይመስለኝም።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ከሽንብራ ኵሬ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ አባ ሚካኤል የተባለ ሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የተባለውን የጠቢባን ንግግር ስብስብ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰው። የሶቅራጥስና የፕላቶን ስም ወደ ገዳሞቻችን የገባው በዐረብኛ በር ነው። እንግዲህ በአንድ ትውልድ ዘመን፣ ከዚያው ከባሕሩ ወገን፣ አንደኛው መንገድ ነፍጥ ሲያመጣ ሌላው ጥበብ አምጥቷል። በባቡር ሐዲድ የተወለደችው ድሬዳዋ ይህን ለመረዳት ከማንም ከተማ ይልቅ ትቀርባለች።

ፍልስፍናን በተመለከተ የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የጠቀስሁም እንደ ሆነ ሌላ ሙግት ይጠብቀኛል። መጽሐፉ ራሱ እንደሚለው ጸሐፊው በአክሱም አጠገብ የተወለደ ሊቅ ሲሆን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ተከሶ ሸሸና 2 ዓመት በዋሻ ኖረ። እዚያም ሆኖ ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ አይሁዱም እያንዳንዱ የእኔ ሃይማኖት እውነተኛ ነው ሲል ዳኛው ማን ይሆናል ብሎ ጠየቀ፤ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠውን ልቡና ዳኛ አደረገ። ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920፣ ይህን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ቅጂውን ወደ አውሮፓ የላከው የካቶሊክ መነኵሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ክሎድ ሰምነር ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በአዲስ አበባ ሲያስተምሩ ኖረው የኢትዮጵያ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከዚህ የተነሣ «ባለቤቱ ያልታወቀ መጽሐፍ ለልጅ አይሰጥም» የሚሉ አሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ክርክሩን ጨርሶ ደብቀው «ከአውሮፓ የቀደምን ፈላስፎች ነን» ለማለት ብቻ የሚያነሡት አሉ። ሁለቱም ወጣቱን ይንቁታል። የሱን ዙን ባለቤትነትስ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት የለምን? እርሱን ግን ማንም ከወረቀቱ ላይ አልፋቀውም። የዋሻውን ጥያቄ መነኵሴም ይጠይቀው ደብተራ፣ ጥያቄው የተጠየቀው በእኛ ቋንቋ በግእዝ ነው፤ ድሬዳዋም የምትኖረው በዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው። መጽሐፉን ከነክርክሩ ስጡት፤ ማስረጃ መመዘንን የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም። የፉቱሕንና የዐፄ ገላውዴዎስን ዜና ያነበበ ልጅ ወደ «ሐተታ» ሲደርስ ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይመስለውም፤ ለምን እንደ ተጠየቀ ያውቃልና።

ስለ ሁለት የአካባቢያችን ሰዎችም በአጭሩ ላንሣ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚህ በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ሞቱ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። የጦር መጽሐፍ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ዕውቀትና ሥራ የሌለው ሕዝብ ጀግንነቱ ብቻ ነጻነቱን እንደማይጠብቅለት ከእርሳቸው በፊት በዚህ ግልጽነት የጻፈ አላገኘሁም፤ የጕምሩክን መዝገብ ያገላበጠ ሰው አእምሮ ከሱን ዙ ሙጫና ቀለም ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ዓድዋን ያዩ፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭም ለአገራቸው የተከራከሩ ሰው የሕይወታቸውን ታሪክ ራሳቸው ጽፈውታል፤ የታተመው ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ወታደር መሆን የሚፈልግ ልጅ መድፍ መተኰስና ሕግ ማርቀቅ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ይይበት። መጽሐፉ ረዥም ነው፤ ደራሲውም ራሳቸውን ማመስገን አይሰስቱም። ይሁን፤ ይህንንም መለየት ይማራል።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይቀርብልኛል፤ «ያልሃቸው መጻሕፍት የት ይገኛሉ? የመንገድ ዳር መጻሕፍት ርካሽ ናቸው፤ የአንተዎቹ ወይ አልቀዋል ወይ ተወድደዋል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ መልስም የለኝም። መንግሥት ስለ ንባብ ባህል በየዓመቱ ከሚያደርገው ንግግር ይልቅ እነዚህን 6 ወይም 7 መጻሕፍት በርካሽ አሳትሞ በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጥ፣ የግእዙንና የዐረብኛውንም ከነማብራሪያቸው በጥሩ አማርኛ ጎን ለጎን ቢያወጣ፣ የእኔ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር። ይህን በሚኒስቴር መጽሔት ላይ መጻፌም ለዚሁ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ወረቀቱን አልቀደድሁበትም፤ ሱን ዙንና ማርቆስ አውሬልዮስን አስቀርቼ፣ ሙሉውን ካላነበብህ አትንካቸው አልሁት። የኃያልነቱን ምሥጢር የሚነግሩትን ግን ሰረዝሁ። በጀርባው ላይ ከላይ የጠቀስኋቸውን ጻፍሁለት፤ ከሁለቱ የጦር ታሪኮች እንዲጀምርም አጥብቄ ተናገርሁ። እርሱ ግን ወረቀቱን ጥቂት ካየ በኋላ፣ «አቦ ጋሼ፣ እኔ መጀመሪያ የዘመተውን ሰው ነው የምፈልገው» ብሎ ከመደርደሪያዬ ላይ «ትዝታ»ን አነሣ። ተከራከርሁት፤ አልሆነልኝም። እናቱ ሽፋኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩና የደራሲውን ስም ሲያነቡ፣ «ይኼ የፍቅር እስከ መቃብሩ አይደለም እንዴ?» ብለው መልሰው ሰጡት። ለመስቀል ሊመልስልኝ ቃል ገብቷል።